የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አራስ አሳማ ስትታመም ግልገሎቹን ማትረፍ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አራስ አሳማና ስለ ግልገሎቿ ናቸው። የመጀመሪያው ፋታ የማይሰጥ ስለሆነ ሰፊውን ቦታ ለእሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ አሳማዬ ትናንት ማታ 11 ግልገሎች ወለደች። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ምግብ አልቀመሰችም። በሆዷ ተኝታ ጡቶቿን ትደብቃለች፤ ስነካቸው ደድረዋል፣ ያተኩሳሉም። ግልገሎቹ ሲጮኹ ውለዋል፤ ሁለቱ ደክመው ጥግ ይዘዋል። ጎረቤቴ ፔኒሲሊን እንድወጋት መከረኝ። ምን ላድርግ? (ከቢሾፍቱ)

መርፌውን ከማሰብዎ በፊት ግልገሎቹን ይያዙ። የገለጹት ምልክት ከወሊድ በኋላ ከ12 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚመጣ የጡት ብግነትና የወተት መቋረጥ ነው፤ አንዳንዴ የማህፀን ብግነትም ይጨመርበታል። እናቲቱ ከዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ ትድናለች። የሚያልቁት ግልገሎቹ ናቸው፤ የሚጨርሳቸውም ረሃብና ብርድ ነው። የአሳማ ግልገል ሲወለድ ከቆዳው ሥር ስብ የለውም ማለት ይቻላል፤ በጉበቱና በጡንቻው ያለችው ስንቅ ብታቆየው አንድ ቀን ገደማ ነው። በዚያ ላይ የአሳማ እንግዴ ልጅ የእናትን የበሽታ መከላከያ ወደ ፅንሱ አያሳልፍም። ግልገሉ መከላከያውን የሚያገኘው ከእንገር ብቻ ነው፤ አንጀቱም መከላከያውን ወደ ደሙ የሚያስገባው እስከ 24 ሰዓት ገደማ ነው፣ ያውም በየሰዓቱ እየቀነሰ። በዚህ ጊዜ ውስጥ እያንዳንዱ ግልገል ቢያንስ 200 ሚሊ ሊትር እንገር ሊደርሰው ይገባል።

ከሁለቱ ደካሞች ይጀምሩ። ጣትዎን አፋቸው ውስጥ ያስገቡ። አፉ የቀዘቀዘ ግልገል ወተት ቢያጠጡት አይፈጭለትም፤ ትን ብሎትም ሊሞት ይችላል። መጀመሪያ ይሙቅ። ክንድዎ ሊችለው በሚችል ሙቅ ውኃ (ከ38 እስከ 40 ዲግሪ) ውስጥ እስከ አንገቱ ነክረው፣ ጭንቅላቱን ይዘው 10 ደቂቃ ያህል ያቆዩት፤ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አጥብቀው ያድርቁትና ሙቅ ቦታ ያስቀምጡት። መንቀሳቀስ ሲጀምር መርፌው በተነቀለ ስሪንጅ ከ10 እስከ 15 ሲሲ እንገር በአፉ ጎን ቀስ ብለው ይስጡት። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ አይቃና፤ ወተቱ ሳንባው ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ እናቲቱ። ቴርሞሜትር በፊንጢጣዋ አስገብተው አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። የአሳማ ጤነኛ ሙቀት ከ38.5 እስከ 39.5 ነው፤ በወለደች ማግስት በጥቂቱ ከፍ ቢል አያስደነግጥም። 40ን ካለፈ ትኩሳት ነው። ቀጥሎ ጡቶቿን አንድ በአንድ ይዳብሱ። ሁሉም እኩል ያበጡና የተወጠሩ ከሆኑ፣ ሲጫኗቸውም የጣትዎ አሻራ ጎድጉዶ የሚቀር ከሆነ፣ ይህ ፈሳሽ የተጠራቀመበት እብጠት ነው፤ በፍጥነት ይለቃል። አንድ ሁለቱ ብቻ ቀልተው፣ ደድረውና ሲነኩ እያመማት ከሆነ ብግነቱ እነዚያ ጡቶች ውስጥ ነው። ከብልቷ የሚወጣውንም ይመልከቱ። ነጣ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ሽታ የሌለው ፈሳሽ ሦስት አራት ቀን ቢታይ የተለመደ ነው። ቡናማ፣ ቀጭንና የሚከረፋ ከሆነ ግን ማህፀኗ ታምሟል፤ ወይም የሞተ ግልገል ወይም እንግዴ ልጅ ቀርቶባታል። እንግዴ ልጁ ከመጨረሻው ግልገል በኋላ በ4 ሰዓት ገደማ ውስጥ ተጠቃሎ መውጣት ነበረበት። አሁንም የምታምጥ ከሆነ የቀረ ግልገል አለ ብለው ይጠርጥሩ፤ ሐኪም ሳያያት ወተት የሚያስለቅቀውን ኦክሲቶሲን አይውጉ። በተዘጋ መንገድ ላይ ማህፀኑን በኃይል ያኮማትረዋል፣ ሊቀደድም ይችላል።

ማህፀኗ ውስጥ የቀረ ነገር ከሌለ ሕክምናው ሦስት ክፍል አለው። ለሦስቱም የእንስሳት ሐኪም ያስፈልግዎታል፤ እርስዎ ግን ምን እንደሚሰጥና ለምን እንደሚሰጥ ይወቁ።

አንደኛው ኦክሲቶሲን ነው። በአንድ ሲሲ 10 ዩኒት ካለው ዓይነት ከ1 እስከ 2 ሲሲ በጡንቻ ይወጋል። ወተቱ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይለቃል፣ ቶሎም ይቆማል፤ ስለዚህ ግልገሎቹ ከመርፌው በፊት ጡት አጠገብ ይደርደሩ። በየ3 ወይም 4 ሰዓቱ በአንድ ቀን ሦስት አራት ጊዜ ሊደገም ይችላል። ከመጠን በላይ መስጠት ጥቅም የለውም፣ ሰውነቷ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ለደካሞቹ የሚሆነውን እንገርም በዚሁ ጊዜ በእጅ ማለብ ይቀላል።

ሁለተኛው ትኩሳትና ሕመም የሚያበርድ መድኃኒት ነው። ሜሎክሲካም በኪሎ 0.4 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ እኛ ግን ከአንቲባዮቲኩ እኩል ነው የምናየው። ወተቱን የሚያቆመው ባክቴሪያው ከራሱ የሚለቀው መርዝ ነው፤ ወተት የሚያስመርተውን ሆርሞን ፕሮላክቲንን ያዳክማል። እናቲቱም ሕመሙ ካልቀነሰላት ተነስታ አትበላም፣ ጎኗን ሰጥታም አታጠባም።

ሦስተኛው አንቲባዮቲክ ነው። የጎረቤትዎ ምክር እዚህ ላይ ይጎድላል። የዚህ ሕመም ዋና ባክቴሪያ ከፋንድያ የሚመጣው ኢ ኮላይ ነው፤ ተራ ፔኒሲሊን ብቻውን አይነካውም። ፔንስትሬፕ (ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን የተቀላቀሉበት) ከሆነ የተለመደው መጠን ለ25 ኪሎ 1 ሲሲ በቀን አንድ ጊዜ ለ3 ቀን ነው። 20 በመቶው ኦክሲቴትራሳይክሊን ከሆነ ደግሞ ለ10 ኪሎ 1 ሲሲ ነው፤ ይህ ቆይታው ረጅም ስለሆነ በየቀኑ አይወጋም። ሁለቱን ባንድ ላይ አይስጡ። የትኛው ይሻላል የሚለውን ሐኪሙ አይቶ ይወስን። በአንድ ቦታ ከ10 ሲሲ በላይ አይግባ። መርፌው ከጆሮዋ ጀርባ አንገቷ ላይ ይገባል፤ ርዝመቱ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። በአጭር መርፌ የገባ መድኃኒት ጮማው ውስጥ ይቀራል፤ «ተወግታ አልዳነችም» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ክብደቷን በግምት አይንገሩ። ከፊት እግሮቿ ኋላ ያለውን የደረት ዙሪያ በሜትር ይለኩና በራሱ ያባዙት። ያንን ከጆሮዎቿ መካከል እስከ ጭራዋ ሥር ባለው ርዝመት ያባዙት፣ ውጤቱን ደግሞ በ69.3። ዙሪያዋ 1.25፣ ርዝመቷ 1.40 ከሆነ 152 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች።

የቀረው የእጅ ሥራ ነው። ጡቶቿን በሙቅ ጨርቅ 10 ደቂቃ ያህል ይያዙላት፣ ከዚያ ወደ ጫፉ እያሹ ከእያንዳንዱ ጥቂት ይለቡላት። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አስነስተው ያንቀሳቅሷት፤ ስትነሳ ትጠጣለች፣ ትሸናለች፣ ፋንድያም ትጥላለች። ፋንድያዋ ደርቆ እንክብል ከሆነ በፉርሽካ ገንፎና በለጋ ሣር ያለስልሱላት። ውኃው ዋና ነገር ነው፤ የምታጠባ አሳማ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ትጠጣለች። የታመመችው ወደ ገንዳው ካልሄደች ገንዳው ወደ እሷ ይምጣ።

ወተት የላትም ብለው ግልገሎቹን ጨርሰው አይለዩባት። ያልተጠባ ጡት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መድረቅ ይጀምራል፤ ከደረቀ ደግሞ በዚህ ወሊድ አይመለስም። እየጠቡ ይቆዩ፣ እርስዎ በጎን ይደጉሟቸው። በትክክል ከታከመች ወተቷ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ እናታቸው ወተት እስክትሰጥ የላም ወተት በስኳር አድርጌ ላጠጣቸው? (ከሆለታ)

የላም ወተት አዎ፣ ስኳር በፍጹም። አዲስ የተወለደ የአሳማ ግልገል ስኳርን የሚፈጭ ኢንዛይም የለውም፤ ስኳሩ አንጀቱ ውስጥ ይቆይና ውኃ ይስባል፣ በማግስቱ ተቅማጥ ነው። ጉልበት መስጠት ከፈለጉ ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው ግሉኮስ ይሻላል።

ወተቱንም በውኃ አያቅጥኑ። የአሳማ ወተት ከ7 እስከ 8 በመቶ ቅባት አለው፤ የላም 4 በመቶ ገደማ ነው። ራሱ የቀጠነ ስለሆነ ቅባቱን ሳይገፉ እንዳለ ይስጡ። የፍየል ወተትም ይሆናል። ሙቀቱ 38 ዲግሪ አካባቢ ይሁን።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ለአንድ ግልገል ከ15 እስከ 20 ሲሲ በየ2 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ከ30 እስከ 40 ሲሲ በየ3 ሰዓቱ። በሳምንቱ መጨረሻ ከ60 እስከ 80 ሲሲ በየ4 ሰዓቱ። በአንዴ ብዙ መስጠት ያስቀምጣቸዋል። ለ11 ግልገል በስሪንጅ ሌሊቱን ሙሉ መቆም የማይቻል ስለሆነ ዝርግ ሳህን ያስለምዷቸው። የግልገሉን አፍንጫ ሳይሆን ከንፈሩን ወተቱ ያስነኩት፤ አብዛኞቹ በአንድ ሁለት ቀን ይለምዳሉ። የተረፈው ይደፋ፣ ሳህኑም በፈላ ውኃ ይታጠብ።

ገና 24 ሰዓት ያልሞላቸው ከሆኑና የእናታቸውን እንገር ካላገኙ ግን ተራ ወተት አይበቃቸውም። ሌላ በዚያው ቀን የወለደች አሳማ ካለች እንገሯን ያልቡላቸው። ከሌለች በአካባቢው የወለደች ጤነኛ ላም የመጀመሪያ እንገር ይፈልጉ። የአሳማን ያህል ባይሆንም ያግዛል። ከወተት አርቢ ጋር አስቀድሞ ተስማምቶ በትናንሽ ሃይላንድ አድርጎ በረዶ ቤት ማስቀመጥ ብልህነት ነው። ሲቀልጥ በለብታ ውኃ ይቅለጥ፤ ከፈላ ይረጋል፣ መከላከያውም ይጠፋል።

ጥያቄ፦ መብራት በየጊዜው ይጠፋብናል። ሌሊት ግልገሎቹ ወደ እናታቸው እየተጠጉ ትተኛባቸዋለች፤ ከዘጠኝ አራቱ ሞቱብኝ። (ከአዲስ አበባ ዙሪያ)

መጨፍለቁ የብርዱ ውጤት ነው። ግልገሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ እናቲቱ የሚመቻት ከ18 እስከ 22 ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ የደጋ ሌሊት ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። አንድ ቤት ለሁለቱም ሊመች አይችልም። ለግልገሎቹ የራሳቸው ሙቅ ጎጆ ካልተሠራ ሙቀት ፍለጋ እናታቸው ሥር ይገባሉ።

1 ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክዳን ያለው የእንጨት ሳጥን ይሥሩ፤ በጎኑ ግልገል ብቻ የሚያስገባ ቀዳዳ ይኑረው። ወለሉ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ደረቅ ጭድ ያንጥፉ። መብራት ሲኖር ክዳኑን ከፍተው የሙቀት አምፖል ከጭዱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው በሽቦ ይስቀሉ፣ በገመድ አይሁን፤ ጭድ ላይ የወደቀ አምፖል ቤቱን ያቃጥላል። መብራት ሲጠፋ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሙቅ ውኃ ሞልተው፣ በጆንያ ጠቅልለው ሁለት ቦታ ያስገቡ፤ ሲቀዘቅዝም ይቀይሩት። በተዘጋ ቤት ከሰል አያቀጣጥሉ። ጭሱ ግልገሎቹንም አብሮ የሚያድረውን ሰውም ይገድላል።

ሙቀቱ መስተካከሉን ግልገሎቹ ራሳቸው ይነግሩዎታል። ተደራርበው ከተኙ በርዷቸዋል፤ ከአምፖሉ ሸሽተው ዳር ዳሩን ከያዙ በዝቶባቸዋል፤ ጎን ለጎን ተዘርግተው ከተኙ ልክ ነው። በየሳምንቱ 2 ዲግሪ ያህል እየቀነሱ ይሂዱ።

ለመጨፍለቁ ደግሞ በመውለጃው ግድግዳ ዙሪያ የባሕር ዛፍ አጣና ይምቱ፤ ከወለሉም ከግድግዳውም ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። አሳማ የምትተኛው ግድግዳ ተደግፋ ወደ ታች እየተንሸራተተች ስለሆነ፣ አጣናው ሥር ያለው ክፍተት ግልገሉን ያተርፈዋል። በዝቅተኛ ወጪ ከሚሠሩት ነገሮች ሁሉ ይህን የሚያህል ግልገል የሚያተርፍ የለም።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ወሊዷ ነው፤ የወለደቻቸውን እየነከሰች ገደለች። (ከሐዋሳ)

በመጀመሪያ ወሊድ የሚያጋጥም የፍርሃትና የሕመም ጠባይ ነው፤ በዚያ ሰዓት እንደ አራስ ነብር ናት። የተወለዱትን ወዲያው ወደ ሙቁ ሳጥን ያውጡ። ቤቱን ጸጥና ጨለም ያድርጉ፣ ውሻና እንግዳ ሰው አይግባ። ወልዳ ስትጨርስና ስትረጋጋ ሁለት ሁለት እያደረጉ ከጀርባዋ በኩል ያቅርቡላት። እምቢ ካለች ሐኪም ማረጋጊያ ይሰጣታል። በእጅዎ አያስገድዷት፤ ንክሻዋ አጥንት ይሰብራል።

ጥያቄ፦ በሁለት ሳምንታቸው ነጣ ነጣ ብለው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ፤ ፀጉራቸውም ቆሟል። ወተት በቂ ነው። (ከቢሾፍቱ)

የደም ማነስ ነው። ግልገሉ በቀን 7 ሚሊ ግራም ገደማ ብረት ይፈልጋል፤ ከእናቱ ወተት የሚያገኘው 1 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ሲወለድ ይዞት የመጣው ደግሞ ሳምንት ገደማ ያቆየዋል። ሜዳ ላይ የሚያድግ አሳማ ጉድለቱን አፈር ቆፍሮ ይሞላዋል፤ በሲሚንቶ ወለል ላይ ያለው ግን የትም አያገኝም። በደንብ የሚጠባውና ቶሎ የሚያድገው ነው ቀድሞ የሚነጣው።

መከላከያው በሦስተኛው ቀን የሚሰጥ 200 ሚሊ ግራም አይረን ዴክስትራን (የብረት መርፌ) ነው። ጠርሙሱን አንብቡ፦ በ1 ሲሲ 100 ሚሊ ግራም ካለው 2 ሲሲ፣ 200 ካለው 1 ሲሲ። አንገቱ ላይ በአጭርና ቀጭን መርፌ ይወጋ። ቆዳውን በአውራ ጣትዎ ጎተት አድርገው ይውጉ፣ መርፌውን ሲያወጡ ይልቀቁት፤ ቀዳዳው ይሸፈንና መድኃኒቱ ተመልሶ አይፈስም። ለእርስዎ ግልገሎች አሁንም አልረፈደም፣ ዛሬውኑ ያስወጓቸው፤ ትንፋሻቸው ስለሚያጥር ሲይዟቸው አያሯሯጧቸው። መርፌው እስኪገኝ አሳማ ረግጦት ከማያውቅ ቦታ ተቆፍሮ የወጣ ንጹሕ ቀይ አፈር በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያስቀምጡላቸው።

ጥያቄ፦ በስምንተኛው ቀን ቢጫ ተቅማጥ ጀመራቸው። አንቲባዮቲክ ሰጠሁ፣ አልቆመም። (ከአዲስ አበባ)

ቀኑ ብዙ ይናገራል። ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ቀን የሚመጣ እንደ ውኃ የቀጠነ ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ ኢ ኮላይ ነው፤ እንገር ያልጠገቡትን ይመርጣል፣ በአንድ ቀንም ይገድላል። ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን የሚመጣው፣ እንደ ሊጥ ለጠፍ የሚል ቢጫ ወይም ግራጫ ተቅማጥ ግን በብዛት ኮክሲዲያ ነው፤ አንቲባዮቲክ የማይነካው ጥገኛ ተውሳክ። የእርስዎ ይህን ይመስላል፤ የፋንድያ ናሙና ወደ እንስሳት ላቦራቶሪ ወስደው ያረጋግጡ። መድኃኒቱ ቶልትራዙሪል ነው፣ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም በአፍ አንድ ጊዜ፤ 5 በመቶው ፈሳሽ ከሆነ በኪሎ 0.4 ሲሲ። በደንብ የሚሠራው ከተቅማጡ በፊት ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ሲሰጥ ነው። ስለዚህ አሁን የታመሙትን ቢረዳም፣ ትልቁ ጥቅሙ ለሚቀጥለው ወሊድ ነው።

የሚገድላቸው የውኃ ማጣት ስለሆነ፣ ለሕፃናት የሚሰጠውን ኦ.አር.ኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠው በዝርግ ሳህን ቀኑን ሙሉ ያቅርቡ። ከጡት ግን አይከልክሏቸው። ወለሉን በተመለከተ፣ የኮክሲዲያ እንቁላል ብዙውን ፀረ ተዋስያን ይቋቋማል፤ ፋንድያውን ጠርጎ፣ በሚፈላ ውኃ አጥቦ፣ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እናቲቱ 41 ዲግሪ ትኩሳት አላት፤ ጆሮዋና ሆዷ ቀልቷል፣ ሌሎች ያልወለዱ አሳማዎችም መብላት አቁመዋል። የምመግባቸው የሆቴል ትርፍራፊ ነው።

ይህ የወሊድ ሕመም አይመስልም። የወሊድ ሕመም ያልወለዱትን አይይዝም። ዛሬውኑ ለወረዳዎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት በኢትዮጵያ ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከተነሱ ወረርሽኞች የተገኘው ቫይረስ ቀድሞ ያልታወቀ ዝርያ ሆኖ 23ኛ ተብሎ ተመዝግቧል። ሰውን አይዝም፣ ለአሳማ ግን ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። ባለሙያው እስኪመጣ አሳማም ሥጋም ከግቢዎ አይውጣ፣ የሞተውን አይጣሉ፣ አሳማም አይታረድ። ጫማዎን በዚያው ቤት ይተዉ። ቫይረሱ በአሳማ ሥጋ ትርፍራፊ ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ ከእንግዲህ የሆቴል ምግብ እያማሰሉ ለ30 ደቂቃ ሳይፈላ ለአሳማ አይቅረብ፤ የፈላውም ጥሬው በነበረበት ባልዲ አይመለስ።